የታሸገ ውሃ ፋብሪካ የኤክሳይስ ታክስ አያያዝ፦ ከፕሪፎርም ቆጠራ እስከ ወርሃዊ ማስታወቂያ

መቶኛ ማባዛት የሚያቅተው የሒሳብ ሠራተኛ የለም። የታሸገ ውሃ ፋብሪካን የኤክሳይስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) ሒሳብ የሚያበላሸው የሚባዛው ቁጥር ነው፦ ስንት እሽግ ተመረተ፣ ስንቱ ከበር ወጣ፣ በስንት ዋጋ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የሚወለዱት ማሽኑ አጠገብ፣ ስቶር ውስጥና ጥበቃው ጋ ነው። ይህ መመሪያ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ አንድ የጠርሙስ መንፊያና አንድ የመሙያ መስመር ይዘው ለሚሠሩ፣ ሒሳቡንም አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሚይዝባቸው ፋብሪካዎች የተዘጋጀ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሥራ ላይ ያለው ሕግ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 እና ማሻሻያዎቹ ናቸው። ኤክሳይስ የሚከፈልበት ዕቃ የሚያመርት ሰው በዚህ አዋጅ መሠረት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የንግድ ፈቃዱና የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባው ይህን አይተኩትም። ማሽን ተተክሎ የሙከራ ምርት ሲጀመር ነው ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት፣ ያኔ ደግሞ የሙከራው ምርት ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

ከአሮጌ ፋብሪካ የመጣ የኤክሴል ሠንጠረዥ ካላችሁ ቀመሩን ክፈቱና እዩ። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 307/1995 አገር ውስጥ ለሚመረት ዕቃ ታክሱ የሚሰላው በማምረቻ ወጪ ላይ ነበር። በአሁኑ አዋጅ ግን መነሻው የፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ነው። ቀመሩ የፕሪፎርም (በመንፊያው ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነው ትንሽ የፕላስቲክ ቅርጽ)፣ የክዳን፣ የመብራትና የደመወዝ ወጪ ደምሮ የሚያባዛ ከሆነ ጣሉት፤ ትርፋችሁን ከታክሱ ውጭ እያደረገ ስለሆነ በየወሩ ዕዳ እያስቀመጠባችሁ ነው።

ሌላው የሠንጠረዥ ችግር ከቢራ ፋብሪካ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ሲቀጠር ይታያል፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም። በ2012ቱ አዋጅ የቢራ ኤክሳይስ በመቶኛና በሊትር በተቆረጠ ብር ሁለቴ ተሰልቶ የበለጠው ይወሰዳል። የታሸገ ውሃ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ የለውም፣ መቶኛ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ለምሳሌ በ10 በመቶ ተሠርቷል። የበጀት ዓመቱ ሲጀምር፣ ሐምሌ ላይ፣ የዓመቱን የመጀመሪያ ማስታወቂያ (ለግብር ቢሮው በየወሩ የሚሞላውን የታክስ ማሳወቂያ ቅጽ) ከመሙላታችሁ በፊት የተሻሻለውን ሠንጠረዥ ከግብር ቢሮው ወስዳችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ደረጃ 1፦ ፕሪፎርሙን ቁጠሩ

ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሽያጭ ደረሰኝ አይደለም። የፕሪፎርም መግዣ ፋክቱር ነው የሚጠይቀው። አንድ ፕሪፎርም አንድ ጠርሙስ ነው፤ የተገዛው ፕሪፎርም ከተሸጠው ጠርሙስ ጋር ካልተገናኘ በመሐል ያለው ልዩነት ያልተመዘገበ ሽያጭ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ እሱ ከማድረጉ በፊት እናንተው አድርጉት፣ በየወሩ።

ፕሪፎርም በካርቶን ሲመጣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፣ መዝኑ። አመዛዘኑ እንዲህ ነው፦

1. ከሦስት የተለያዩ ካርቶኖች በድምሩ 100 ፕሪፎርም አውጡ፣ አንድ ላይ መዝኑ፣ ለ100 አካፍሉ። የአንዱ ክብደት ይህ ነው።
2. ባዶውን ካርቶን ከነላስቲኩ መዝኑና ክብደቱን በማርከር ጎኑ ላይ ጻፉ።
3. ሙሉውን መዝኑ፣ የባዶውን ቀንሱ፣ በአንዱ ክብደት አካፍሉ።

አንድ ፕሪፎርም ብቻ መዝኖ ማካፈል ጣጣ አለው። ፕሪፎርሙ 14 ግራም ቢሆንና ሚዛናችሁ በ0.1 ግራም ቢስት ስህተቱ 0.7 በመቶ ገደማ ይሆናል። ወሩን 504,000 ጠርሙስ ለሚያመርት ፋብሪካ ይህ ብቻውን 3,600 ጠርሙስ ነው። አንድም ሰው ሳይሰርቅ 300 እሽግ ጠፋ ማለት ነው።

የወር መጨረሻ ቆጠራ ፈረቃ ሲቀየር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ማሽን ቆሞ ይሁን። ማሽኑ እየሠራ ከተቆጠረ በመንፊያው ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ፕሪፎርም፣ መስመሩ ላይ ያለው ጠርሙስና ገና ያልታሸገው ውሃ ሁለቴ ይቆጠራል ወይም ጨርሶ ይረሳል። የነሐሴ ቆጠራ ጳጉሜን ጨምሮ ይሁን፤ ነሐሴ 30 ዘግቶ ጳጉሜን መስከረም ላይ የሚጨምር ስቶር የሁለት ወር ሒሳብ ያናጋል።

የጥር ወር ምሳሌ፣ 12 ጠርሙስ በእሽግ፣ ግማሽ ሊትር፦

በወሩ መጀመሪያ የነበረ ፕሪፎርም 60,000
በወሩ የገባ 520,000
ድምር 580,000
በወሩ መጨረሻ የተቆጠረ 65,000
ሥራ ላይ የዋለ 515,000
ስቶር የገባ ምርት 42,000 እሽግ፣ ማለትም 504,000 ጠርሙስ
ልዩነት 11,000

ከሥራ ላይ ከዋለው 2 በመቶ ትንሽ አለፍ የሚል ብክነት ነው። ሊያጋጥም ይችላል፣ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የብልሽት መዝገብ ከሌለ 11,000ው ጠርሙስ 916 እሽግ ይሆናል። በ100 ብር የፋብሪካ ዋጋ 91,600 ብር፣ ኤክሳይሱ 9,160 ብር፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15,114 ብር፤ ሁለቱ ታክሶች አንድ ላይ በወር 24,274 ብር። ኦዲት ዓመቱን ሙሉ ሲያይ በ12 አባዙት፣ 291,288 ብር ይመጣል። ቅጣትና ወለድ ገና አልተጨመረም።

ደረጃ 2፦ የብልሽት መዝገብ

ብልሽት በሦስት ቦታ ይከሰታል፣ በሦስቱም ለየብቻ ይመዝገብ፦ መንፊያው ላይ የተበላሸ፣ መሙያውና ክዳን መግጠሚያው ላይ የወደቀ፣ ላቦራቶሪ የወሰደው። ከላይ ባለው ምሳሌ 7,200፣ 2,500 እና 300 ቢመዘገብ የቀረው ያልተብራራ 1,000 ጠርሙስ ብቻ ነው። ይህ ሰው ፊት ተቀምጦ ሊያስረዱት የሚቻል ቁጥር ነው።

የመንፊያው ብልሽት ዋና ምክንያት የመብራት መቋረጥ ነው። መብራት ሲሄድ ማሞቂያው ውስጥ የነበሩት ፕሪፎርሞች በሙሉ ወይ ይጣመማሉ ወይ ይነጣሉ፣ ተመልሰው ቢሞቁም ጠርሙሱ ሲነፋ ይፈነዳል ወይም ወገቡ ላይ ይሳሳል። መብራት ሲመለስም ሙቀቱ እስኪስተካከል የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ይጣላሉ። ኦፕሬተሩ እያንዳንዱን መቋረጥ በሰዓቱ ይጻፍ። «ጥር 9፣ ከቀኑ 8፡40፣ መብራት ሄደ፣ 62 ከማሞቂያ፣ 35 ሲነሳ» ብሎ የተጻፈ አንድ መስመር በወሩ መጨረሻ «በመብራት ምክንያት ብዙ ተበላሽቷል» ከሚል ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ይበልጣል።

የተበላሸው በኪሎ ይመዘን። 7,200 ፕሪፎርም በ14 ግራም 100.8 ኪሎ ነው። ቁርጥራጩን ለሚገዛ ሰው ስትሸጡ ደረሰኙ ላይ ያለው ኪሎ ከብልሽት መዝገቡ ጋር መቀራረብ አለበት። መዝገቡ 300 ኪሎ ብሎ ደረሰኙ 90 ኪሎ ካለ፣ ብልሽቱ ብዕር ብቻ ነው ማለት ነው፣ ይህንንም ኦዲተሩ ቶሎ ያየዋል።

ክዳንን እንደ ሁለተኛ ምስክር ያዙት። ጠርሙሱ ከተነፋ በኋላ ቢጣል ክዳን አይወስድም፣ ስለዚህ የክዳን ፍጆታ ከፕሪፎርም ያነሰና ለተጠናቀቀው ምርት የቀረበ መሆን አለበት። ክዳን ከፕሪፎርም በልጦ ከተገኘ ወይ ክዳን በደንብ አልተቆጠረም፣ ወይ በመዝገብ ያልገባ ፕሪፎርም አለ። ሁለተኛው ከሆነ ጉዳዩ ከሒሳብ ክፍል በላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ከበር የወጣውን ለዩ

የእሽግ ሒሳቡን ዝጉ፦ በወሩ መጀመሪያ 3,000፣ የተመረተ 42,000፣ ድምር 45,000። የተሸጠ 40,500፣ ለናሙና፣ ለሠራተኛና በስጦታ የወጣ 300፣ ስቶር ውስጥ የፈነዳ 200፣ በወሩ መጨረሻ የቀረ 4,000። ድምሩ 45,000 ነው።

ችግር የሚፈጠረው 300ው ላይ ነው። ጥር ላይ ለጥምቀት፣ ለለቅሶ ቤት፣ ለእድር፣ ለደብር በዓል ውሃ በስጦታ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ በስልክ «20 እሽግ ስጡት» ይላል፣ መኪናው ይጫናል፣ ወረቀት የለም። በር ካለፈ ታክስ አለበት፤ በነጻ መሰጠቱ ኤክሳይሱን አያነሳም፣ የሚሰላውም በተለመደው የመሸጫ ዋጋ ነው። «10 ለገዛ 1 በነጻ» የሚባለው ማስተዋወቂያም እንዲሁ። ስለዚህ ለጥበቃው አንድ ትእዛዝ ብቻ ስጡት፦ ቁጥር ያለው የመውጫ ወረቀት ያልያዘ እሽግ፣ የባለቤቱም መኪና ቢሆን፣ አያልፍም። ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ በር ላይ ይቅር፣ ጥበቃው የያዘው ጥራዝ ደግሞ በየሳምንቱ ከስቶሩ ወጪ ጋር ይነጻጸር።

ስቶር ውስጥ የፈነዳው 200 እሽግ ከታክስ ውጭ እንዲሆን ከመጣሉ በፊት ቃለ ጉባኤ ይያዝ፦ ቀን፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ ብዛት፣ ምክንያት፣ የሦስት ሰው ፊርማ። ብዛቱ ከወትሮው ሲያልፍ ለግብር ቢሮው በደብዳቤ አሳውቃችሁ ሰው መጥቶ እንዲያይ ጠይቁ። ባዶ ጠርሙሶቹን ቆርጣችሁ አቆዩ። የተጣለ ነገር ተመልሶ አይቆጠርም።

ቆላ ወርዶ የሚመለሰው ውሃ

ይህ የሰሜን ሸዋ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ይነገር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። ደጋ ላይ ክዳኑ ሲገጠም በውሃውና በክዳኑ መካከል የሚቀረው አየር የደጋውን ስስ ግፊት ይዞ ይታሸጋል። መኪናው ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና ሲወርድ የውጭው አየር እየከበደ ይሄዳል፣ ስስ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ይጎደጉዳል። ውሃው ምንም አልሆነም፤ ባለሱቁ ግን «ያረጀ ነው፣ የተከፈተ ነው» ብሎ ይመልሳል። የቆላው ሙቀት በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አየር ትንሽ ስለሚያሰፋው ጉድጓዱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

መፍትሔው ወፈር ያለ ፕሪፎርም መጠቀም፣ ወይም በጠርሙሱ አንገት የሚቀረውን ባዶ ቦታ ማሳነስ፣ አቅም ካለ ደግሞ ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ፈሳሽ ናይትሮጅን ጠብታ የሚጨምር መሣሪያ መትከል ነው። ለታክሱ የሚያስፈልገው ግን የተመላሽ አያያዝ ነው፦

1. ሾፌሩ የመለሰው በር ላይ ተቆጥሮ በገቢ ወረቀት ስቶር ይግባ።
2. ለገዢው የሽያጭ ተመላሽ ሰነድ ይቆረጥ፤ የመጀመሪያው ደረሰኝ ቁጥርና ቀን፣ ዋጋው፣ ኤክሳይሱና የተጨማሪ እሴት ታክሱ ተለይተው ይጻፉ።
3. ድጋሚ የሚሸጥ ከሆነ ሲወጣ እንደ ማንኛውም ምርት ይቆጠራል። የሚጣል ከሆነ ቃለ ጉባኤው ይከተላል።

ባለሱቁ የመለሰውን 30 እሽግ በ30 አዲስ እሽግ «ለውጦ» መምጣት ቀላል ይመስላል፣ ሾፌሮችም ይወዱታል። በሒሳብ ግን ደረሰኝ የሌለው 30 እሽግ ወጣ፣ ወረቀት የሌለው 30 እሽግ ገባ። ሁለቱም ክፍት ቀዳዳ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ዋጋውን ትክክል ያዙ

የፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ማለት ዕቃው ፋብሪካው በር ላይ ለማይዛመድ ገዢ የሚሸጥበት ዋጋ ነው፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የኤክሳይስ ቴምብር (ዕቃው ላይ የሚለጠፍ የታክስ ምልክት) ወጪና ተመላሽ የሚሆን ማሸጊያ ዋጋ አይገቡበትም።

ሦስት ቦታ ላይ ይሳታል። አንደኛ፣ ባለቤቱ የራሱን አከፋፋይ ድርጅት አቋቁሞ ውሃውን በ70 ብር ይሸጥለትና አከፋፋዩ በ100 ብር ይሸጣል። ተዛማጅ ሰዎች መካከል ያለ ሽያጭ በገበያ ዋጋ ይታያል፤ 70ው አይጸናም። ሁለተኛ፣ ማጓጓዣ። ዓለም ከተማ ወይም መሐል ሜዳ ድረስ አድርሳችሁ አንድ ጥቅል ዋጋ ከቆረጣችሁ ማጓጓዣውም የውሃው ዋጋ አካል ሆኖ ይታያል፤ የበሩን ዋጋና የጭነቱን ዋጋ በደረሰኙ ላይ ለየብቻ አስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ባለ 20 ሊትር ጃር። ለጃሩ የምትይዙት ተመላሽ ማስያዣ የውሃው ዋጋ አይደለም፣ ግን የማስያዣ መዝገብ ከሌለ ተመላሽ መሆኑን ማሳየት አይቻልም። ጃሩ ላይ ቁጥር ጻፉበት።

ደረጃ 5፦ ስሌቱ

ለአንድ እሽግ፦

የፋብሪካ መሸጫ ዋጋ 100.00
ኤክሳይስ 10 በመቶ 10.00
ድምር 110.00
ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ 16.50
ገዢው የሚከፍለው 126.50

የተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚሰላው ኤክሳይሱ ከተደመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ታክሶች አንድ ላይ 25 ሳይሆን 26.5 በመቶ ይሆናሉ። ገዢው የሚከፍለውን ይዛችሁ ወደ ኋላ ስትሰሉ ለ1.265 አካፍሉ። 126.50 ላይ 25 በመቶ ቀንሶ 94.88 የሚያመጣ ሰው በእያንዳንዱ እሽግ 5 ብር ከ12 ሳንቲም ከመነሻው አጥፍቷል።

ለወሩ፦ ታክስ የሚከፈልበት 40,500 እና 300፣ በድምሩ 40,800 እሽግ። በ100 ብር 4,080,000 ብር፣ ኤክሳይሱ 408,000 ብር።

ከማስገባታችሁ በፊት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያው ጋር አገናኙት። ከ4,080,000 የስጦታውን 30,000 ስትቀንሱ 4,050,000 ይቀራል፣ በ1.1 ሲባዛ 4,455,000። በተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያው ላይ ያለው የውሃ ሽያጭ ይህ መሆን አለበት። ለስጦታው በዚያ በኩል የምትይዙትን በተለየ መስመር አሳዩት። ሁለቱ ማስታወቂያዎች በአንድ ቢሮ ነው የሚታዩት፤ ልዩነት ካለ ምክንያቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከፋይሉ ጋር ይታሰር።

ደረጃ 6፦ ማሳወቅና መክፈል

ወሩ ሲዘጋ ቆጠራው በ2 ቀን፣ የፕሪፎርምና የክዳን ማመሳከሪያው በ3 ቀን፣ ማስታወቂያው በሳምንቱ ይለቅ። የመጨረሻ ቀን ላይ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ባንክ ይሰለፋል፣ ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

ገንዘብ ባይኖርም ማስታወቂያው በጊዜው ይግባ። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ዘግይቶ ማሳወቅና ዘግይቶ መክፈል የተለያዩ ቅጣቶች ናቸው። ዘግይቶ ለማሳወቅ ካልተከፈለው ታክስ ለእያንዳንዱ ወር ወይም የወር ክፍል 5 በመቶ፣ ጣሪያው 25 በመቶ። ዘግይቶ ለመክፈል በመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ። 408,000 ብር አንድ ወር ቢዘገይ በሁለቱም በኩል 20,400፣ በድምሩ 40,800 ብርና ወለዱ። አሳውቃችሁ ካልከፈላችሁ ግማሹ ይቀርላችኋል።

ኦዲት ተደርጎ የታክስ ውሳኔ ከደረሳችሁና ካልተስማማችሁ ቅሬታ ለማቅረብ ያላችሁ ጊዜ ውሳኔው ከደረሳችሁ ጀምሮ 21 ቀን ነው። የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ወዲያው ጻፉና የተቀበለው ሰው ይፈርም፤ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ሳምንት የተቀመጠ ደብዳቤ የሳምንቱን ቀን በልቶታል። ቅሬታው ላይ የማትስማሙበትን ቁጥር ነጥላችሁ አውጡ። «ስሌቱ የተጋነነ ነው» ከማለት «በጥር ወር ከ11,000 ጠርሙስ 10,000ው በብልሽት መዝገብ ገጽ 14 እስከ 19 ተመዝግቧል፣ የቁርጥራጭ ሽያጭ ደረሰኙም ተያይዟል» ማለት ይሻላል።

መዝገቦቹ ሕጉ እስከሚያዝዘው ጊዜ ድረስ ይቆዩ። የኦፕሬተሩ የብልሽት ደብተር በእርሳስ አይጻፍ፣ ማሽን አጠገብ ውሃ ስለማይጠፋም በላስቲክ ይሸፈን። የተሳሳተ ቁጥር በፍሉድ አይጠፋም፤ አንድ መስመር ይሰረዝበትና ትክክለኛው ጎኑ ተጽፎ ይፈረምበት።